ሲንክን የሚሸከመው ሲሊኮን አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤት ግንባታና ስለ ቤት ውስጥ ዕቃ የምታወጧቸውን ጽሑፎች በደብረ ብርሃን ከተማ የምንኖር፣ በተለይም በሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች በጥንቃቄ እናነባቸዋለን። ዘመናዊ ወጥ ቤትን የተመለከተው ጽሑፋችሁ ከግራናይት ወይም ከእምነ በረድ በታች የሚገጠመውን፣ ነጋዴዎች «አንደርማውንት» እያሉ የሚሸጡትን የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ አወድሶ፣ በካውንተሩ ላይ የሚወጣ ጠርዝ ስለሌለው ፍርፋሪውና ውሃው በቀጥታ ወደ ውስጥ እንደሚጠረግ አስረድቷል። የተባለው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከላይ የሚታየውን ብቻ ተናግሮ አልፏል። ሲንኩ በምን እንደተደገፈ፣ በምን እንደታሸገ፣ ሲበላሽም እንዴት እንደሚወርድ ሳያውቅ አንባቢ ወደ ገበያ እንዳይሄድ በማሰብ ይህን ለመጻፍ ተነሥቻለሁ።

የተለመደው ሲንክ ከንፈሩን በካውንተሩ ላይ አሳርፎ ስለሚቀመጥ ሸክሙን የሚቀበልለት ድንጋዩ ነው፤ ማሸጊያው ቢያረጅ ውሃ ያሰርግ ይሆናል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም። ከታች የሚገጠመው ግን ድንጋዩ ያለው ከበላዩ እንጂ ከሥሩ ስላልሆነ፣ የሚደግፈው ነገር ካልተሠራለት በስተቀር ወደ ታች እንዳይወርድ የሚከለክለው ማጣበቂያው ብቻ ይሆናል። ውስጡ 70 በ40 ሴንቲሜትር፣ ጥልቀቱም 22 ሴንቲሜትር የሆነ ሲንክ እስከ አፉ ሲሞላ 60 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ይህም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በዚያ ላይ የሲንኩን የራሱን ክብደት፣ ለድግስ የዋለውን ብረት ድስትና ድስቱን በኃይል የሚፈትገውን ክንድ መጨመር ያስፈልጋል። በእኛ ወጥ ቤት ሲንክ የሻይ ብርጭቆ ማለቅለቂያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሲሊኮን የተሠራው ክፍተት ለማሸግ ነው፤ ይህን ሁሉ ሸክም ቀንና ሌሊት፣ ዓመት ከዓመት አንጠልጥሎ እንዲይዝ መጠበቅ የዕቃውን ጠባይ አለማወቅ ነው።

በጠባሴ አካባቢ ተጠርቼ ባየሁት አንድ ቤት ሲንኩ በአንድ ጎኑ የጣት ውፍረት ያህል ወርዶ፣ በድንጋዩና በከንፈሩ መካከል የነበረው ሲሊኮን እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ነበር። በተከፈተው ስንጥቅ የገባው የሽሮና የበርበሬ ዕጣቢ ጠቁሮ ይሸታል፤ የካቢኔቱ ወለል ቺፕውድ ውሃ ጠጥቶ ስላበጠ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። የቤቱ እመቤት ሲንኩ ጨርሶ እንዳይወድቅ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ጉማጅ አቁመውለታል። የገጠመው ሰው አንድም ማያያዣ አልተጠቀመም፤ ከሲንኩ ጋር በካርቶን የመጡት ብረቶች ላስቲካቸው ሳይቀደድ ከካቢኔቱ ጥግ ተገኙ። ባለቤቶቹ ሲንኩ ጥራት የሌለው መስሏቸው ሌላ ለመግዛት ተሰናድተው ነበር፤ ሲንኩ ግን ምንም አልሆነም፤ ታጥቦና ተደግፎ ዛሬም ያገለግላል።

ድጋፉን መሥራት ውድ ነገር አይደለም። ከቀጭን ቱቦላሬ የተበየደና ፀረ ዝገት የተቀባ ፍሬም ከሲንኩ ከንፈር ሥር ገብቶ ከካቢኔቱ ግራና ቀኝ ጎን ጋር በቡሎንና በዳዶ ቢታሰር ይበቃል፤ ካቢኔቱ ራሱ ከቺፕውድ ወይም ከኤምዲኤፍ የተሠራ ከሆነ ግን ፍሬሙ እግር ኖሮት ወለል ላይ ቢቆም እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እነዚህ ጣውላዎች እርጥበት ካገኛቸው ቡሎን አይዙም። ከሲንኩ ጋር የሚመጡት ማያያዣዎችም መጣል የለባቸውም። ለእነርሱ ድንጋዩ ከሥሩ በአልማዝ መብሻ ይበሳና ቡሎኑ ኤፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ ይተከላል፤ የቀዳዳው ጥልቀት ከድንጋዩ ውፍረት ግማሽ እንዳያልፍ መለካት ያስፈልጋል፤ 2 ሴንቲሜትር በሆነ ግራናይት ላይ ድሪሉን ያለ ልክ የሚጫን ሠራተኛ መብሻውን በላይ በኩል ሊያወጣው ይችላል።

በከተማችን የብዙ ቤት ካውንተር የሚሠራው በብሎኬት እግር ላይ ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ከዚያ በላይ ግራናይት ተነጥፎ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ችግር ይፈጠራል። ግንበኛው ሲንኩን በኮንክሪቱና በግራናይቱ መካከል አስገብቶ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሞልቶ ይዘጋዋል። ይህ አሠራር በእርግጥ ጠንካራ ነው፤ ሲንኩ ፈጽሞ አይወርድም። ነገር ግን ሲንኩ ከዓመታት በኋላ ቢበሳ ወይም ቤተሰቡ ሊቀይረው ቢፈልግ፣ ድንጋዩን ከመስበር ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ በኮንክሪቱ ውስጥ የሚተወው ቀዳዳ ከሲንኩ ከንፈር በየአቅጣጫው ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ሰፍቶ፣ ሲንኩ ከታች ወደ ላይ እንዲገባና በዚያው መንገድ እንዲወርድ መሆን አለበት፤ ድጋፉም ከኮንክሪቱ ግንባር ጋር በፊሸር (በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ የቡሎን መያዣ) በሚታሰር አንግል ብረት ይሠራል። የካቢኔቱ በርም ይህን የሚፈቅድ ይሁን። በሁለት መዝጊያ መካከል ቋሚ እንጨት የሚያቆም አናጢ ሲንኩን ከነነፍሱ ቀበረው ማለት ነው።

ካውንተሩ በፎርማይካ የተለበጠ ቺፕውድ ለሆነ፣ ወይም ሴራሚክ ለተነጠፈበት ቤት ከታች የሚገጠም ሲንክ አልመክርም። በዚህ ዓይነቱ ሲንክ የተቆረጠው የካውንተር ግንባር ለዘወትር ውሃ የተጋለጠ ስለሆነ ቺፕውዱ ያብጣል፤ የሴራሚኩም መጋጠሚያ ይላቀቃል። እንዲህ ላለው ቤት የተለመደው ከላይ የሚቀመጥ ሲንክ የተሻለ ነው፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። አንዳንድ ሠራተኞች ከላይ የሚቀመጠውን ሲንክ ገዝተው ከድንጋይ በታች ሲለጥፉትም አይቻለሁ፤ የዚያ ሲንክ ጠርዝ ወደ ታች የታጠፈ እንጂ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ከድንጋዩ ጋር የሚሳምበት በቂ ገጽ የለውም።

ስለ ምርጫ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ማይዝግ ብረቱ ዓይነት ነው። ለወጥ ቤት የሚመረጠው 304 የሚባለው ሲሆን፣ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። 201 የሚባለው ኒኬሉ ተቀንሶ በአብዛኛው በማንጋኒዝ የተተካበት ርካሽ ዓይነት ነው፤ ጨውና በረኪና ሲነካው ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል። ሻጮች ማግኔት አውጥተው በሲንኩ ላይ እያስጠጉ «አይስብም፣ ስለዚህ 304 ነው» ይላሉ፤ ይህ ማረጋገጫ ግን ግማሽ ነው። ማግኔት አጥብቆ የሚስበው 430 የሚባለውን ነው፤ 201 ግን እንደ 304 ሁሉ ማግኔት አይስበውም። እንዲያውም ትክክለኛው 304 በታጠፈበት ማዕዘን ላይ ማግኔትን በመጠኑ ሊስብ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ደኅናውን ዕቃ ጥሎ መሄድ አያስፈልግም። ከማግኔቱ ይልቅ በዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥርና የሻጩን ደረሰኝ ማየት ይሻላል፤ «304» ብሎ በደረሰኝ ላይ ለመጻፍ የሚያመነታ ነጋዴ መልሱን ሰጥቷል።

ውፍረቱ በሚሊሜትር ወይም በጌጅ ይነገራል፤ በጌጅ ሲነገር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል። 18 ጌጅ 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለቤት ከዚህ ባይሳሳ ጥሩ ነው። በቅርብ ጊዜ በገበያ ላይ የበዙት ማዕዘናቸው የቀጠነ ሲንኮች ከንፈራቸው 3 ሚሊሜትር ሆኖ ገንዳቸው 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል፤ ገዢውም ከንፈሩን በጣቱ ለክቶ በውፍረቱ ይደሰታል። የገንዳውን ወለል በመዳፍ ተጫን፤ እየጎደጎደና እየተመለሰ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ስስ ነው። ከሥሩ የተለጠፈ ጥቁር ጎማና የተረጨ ቀለም ያለው መሆኑን ማየትም ይገባል፤ ይህ የውሃውንና የዕቃውን ጩኸት ከመቀነሱ በላይ፣ በደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ጠዋት የብረቱ ጀርባ ጤዛ አውጥቶ ካቢኔቱን እንዳያረጥብ ይረዳል። ማዕዘኑ ፍጹም ሹል የሆነው ሲንክ በፎቶግራፍ ያምራል፤ ሲያጥቡት ግን ስፖንጅ አይደርስበትም፤ በመጠኑ ክብ የሆነው ይሻላል።

ባለ ሁለት ገንዳ ይሻላል ወይስ ባለ አንድ ለሚለው ጥያቄ የእኔ ምርጫ ሰፊ ባለ አንድ ገንዳ ነው፤ ትልቅ ድስትና የሊጥ ዕቃ በግማሽ ገንዳ አይገለባበጥም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሳፋ በውስጡ አስቀምጦ በቁጠባ ማጠብ ይቻላል። ውሃ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧው ተከፍቶ ተረስቶ ሌሊት ሲመጣ የሚደርሰውን ጥፋት የማያውቅ የለምና፣ ከአፉ ዝቅ ብሎ የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለው ሲንክ ቢገኝ መልካም ነው። ጥልቀትን በተመለከተ ከታች የሚገጠም ሲንክ በድንጋዩ ውፍረት ያህል ተጨማሪ ዝቅ እንደሚል ማስታወስ ያስፈልጋል፤ 25 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ ገንዳ ቁመታቸው ዘለግ ላሉ እናቶች ወገብ ፈተና ነው።

ሲንኩ ድንጋዩ ከመቆረጡ በፊት ተገዝቶ በድንጋይ ቆራጩ እጅ መሆን አለበት። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው የወረቀት ልክ እንኳን ከዕቃው ጋር በሚሊሜትሮች ሊለያይ ስለሚችል ልኩ መወሰድ ያለበት ከሲንኩ ነው። ድንጋዩ ከገንዳው አፍ ጋር እኩል ሊሆን፣ ወደ ውስጥ ሊያልፍ ወይም ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል። እኩል የሆነው እጅግ ጥንቁቅ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ወደ ውስጥ ያለፈው ከሥሩ ቆሻሻ ይደብቃል። እኔ ድንጋዩ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቶ ጠባብ የብረት መስመር ቢታይ እመርጣለሁ፤ የሚታይ ቆሻሻ ይጠረጋል። የተቆረጠው ግንባር እንደ ላይኛው ገጽ ሁሉ በውሃ እየተሞረደ መወልወል አለበት፤ ሻካራ ከተተወ ቅባትና እርድ ይጠጣል። ከሲንኩ ፊትና ኋላ የሚቀረው የድንጋይ ክፍል ጠባብ ስለሆነ በጉዞ ላይ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተቆርጦ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚጓዝ ድንጋይ ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ መጫን አለበት፤ ከሥሩ ቀጭን ቦይ ተቆርጦ ፌሮ በኤፖክሲ ቢቀበርበት ደግሞ ይበልጥ ይተማመኑበታል። የሚክሰሩ (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀላቅለው ቧንቧ) ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሚሊሜትር ነው፤ እርሱም ከሲንኩ ጋር አብሮ ቢበሳ ይመረጣል።

ወደ ሲሊኮኑ ልመለስ፤ እዚህ ላይ የአገራችን የአየር ጠባይ ራሱ ድርሻ አለው። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየሳበ ነው። በመጠነኛ ሙቀትና እርጥበት በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ከጠርዝ ወደ ውስጥ ይደርቃል። የሲንክ ከንፈር ግን ከዚያ እጅግ የሚሰፋ ስለሆነ፣ ከዳር የነካነው ደርቆ ሳለ መሐሉ ገና እርጥብ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ነው። ብርዱም ደረቁም አየር ሲሊኮኑን ስለሚያዘገዩት በቱቦው ላይ የተጻፈው 24 ሰዓት በእኛ በጋ አይሠራም፤ ሦስትና አራት ቀን ሳይነካ ቢቆይ ይመረጣል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ የሲሊኮኑ ፊት በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ስለሚያበጅ፣ ሲንኩን ለማንሣት የሚያግዝ ሰው ሳይጠራ ቀድሞ መቀባት አይገባም።

የሲሊኮኑም ዓይነት መለየት አለበት። ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው እየደረቀ አሲድ ስለሚለቅ፣ ለእምነ በረድ አይሆንም፤ ከቤኒሻንጉል የሚመጣው ነጭ እምነ በረድ በአሲድ ይደበዝዛል። ለድንጋይ «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበትን መግዛት ነው። ከመቀባቱ በፊት የድንጋዩ ሥርና የሲንኩ ከንፈር ከአቧራና ከቅባት ጸድቶ፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ተወልውሎ መድረቅ ይኖርበታል። ሲሊኮኑ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ይቀባና ሲንኩ ወደ ላይ ይነሣል። እስኪደርቅ ድረስ ወደ ድንጋዩ አጥብቆ ለመያዝ ቀላሉ ዘዴ በቀዳዳው ላይ ከሥራቸው ጨርቅ የተደረገላቸው ሁለት ጣውላዎች አጋድሞ፣ በፍሳሽ ማውጫው በኩል ረጅም ቡሎን አሳልፎ፣ ከታች ባለ ሌላ ጣውላ ላይ ዳዶውን ቀስ እያሉ ማጥበቅ ነው፤ ሲሊኮኑ ከየአቅጣጫው በእኩል መጠን ሲወጣ ይቆማል። ከልክ በላይ ማጥበቅ ሲሊኮኑን ሁሉ ጨምቆ ያስወጣዋል። የተረፈው ሳይደርቅ ይጠረጋል።

የፍሳሽ መስመሩ በግድግዳ ውስጥ ሲቀበር የነበረው ስሌት ለተለመደው ጎድጓዳ ላልሆነ ሲንክ ከሆነ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ካውንተሩ 90 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ የድንጋዩ ውፍረት፣ የገንዳው ጥልቀትና ሲፎኑ (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጠማማ ቱቦ) ሲቀነሱ ውሃው ወደ ግድግዳ የሚገባበት ቦታ ከወለሉ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይሻላል፤ ቱቦው ከዚያ ከፍ ብሎ ከተቀበረ ውሃ በገንዳው ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ቱቦው 50 ሚሊሜትር ሆኖ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ማዘቅዘቅ አለበት። ጎሚኒዎቹ (የመገጣጠሚያው የጎማ ቀለበቶች) ሁሉ ከተገጠሙ በኋላ ሲንኩን እስከ አፉ ሞልቶ ማቆየት፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ለቆ በየመገጣጠሚያው ደረቅ ሶፍት ማዞር ነው፤ በዓይን የማይታየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል። ሠራተኛው ሒሳቡን የሚቀበለው ከዚህ ፈተና በኋላ ቢሆን ማንንም አይጎዳም።

እንክብካቤውን በተመለከተ የማይዝግ ብረት ትልቁ ጠላት በረኪና ነው። ጨርቅ በበረኪና ዘፍዝፎ በሲንኩ ውስጥ ማሳደር ብረቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን አጥቅቶ ነጠብጣብ ያወጣበታል። የድስት ሽቦ ደግሞ የራሱን የብረት ብናኝ ትቶ ይሄዳል፤ በማግሥቱ የሚታየው ዝገት የሲንኩ ሳይሆን የሽቦው ነው። በስፖንጅና በፈሳሽ ሳሙና በብረቱ ጭረት አቅጣጫ ማሸት፣ አለቅልቆ በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ነጭ የውሃ እድፍ በአቼቶ ይለቃል፤ ካውንተሩ እምነ በረድ ከሆነ ግን አቼቶውም ሎሚውም ድንጋዩን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የእኛ ደጋ ቤቶች ሌላው ጣጣ ቅባት ነው። ቅቤና ዘይት በቀዝቃዛው ሲፎን ውስጥ ወዲያው ይረጋል፤ የቡና አተላና የሊጥ ዕጣቢ ሲጨመርበት ቱቦው ይዘጋል። ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት መጥረግ፣ አተላውንም በጓሮ መድፋት ይሻላል። የፈላ ውሃ በብዛት መልቀቅ መፍትሔ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም፣ ይህ ሙቀት የፒቪሲ ቱቦን ለማለስለስና መጋጠሚያውን ለማላላት ይበቃል፤ ቅባቱም ትንሽ ራቅ ብሎ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይረጋል። ለብ ያለ ውሃ ከሳሙና ጋር፣ በየጊዜውም ሲፎኑን ፈቶ ማጠብ የተሻለ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ በእጅ ባትሪ ከካቢኔቱ ሥር ገብቶ ዙሪያውን ማየት፣ ቡሎኖቹ ላልተው እንደሆነ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሲሊኮኑ ጠቁሮ ወይም ተላቆ ከተገኘ በላዩ ላይ አዲስ መቀባት ከንቱ ነው፤ አዲስ ሲሊኮን ባረጀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም። አሮጌው በምላጭ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ቦታው በአልኮል ጸድቶ ደርቆ ነው አዲሱ የሚገባው። ለፋሲካ ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐቤቴ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩ ቤተሰቦች ደግሞ ሲመለሱ ወጥ ቤቱ ቢሸታቸው፣ በሲፎኑ ውስጥ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ተኖ አልቆ ሊሆን ስለሚችል ሠራተኛ ከመጥራታቸው በፊት አንድ ጆግ ውሃ ያፍስሱበት።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣

የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ባለሙያ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ